መጀመሪያ የገባው ሣጥን

ሰፈሩ ባለቁልፏ ይላታል። የቁልፍ ዘለላዋ ከእሷ ቀድሞ እየተንሿሿ ስለሚመጣ ነው። በሰፈሩ ሥዕል ቤት አሥራ አንድ ዓመት ስትሠራ ያልሆነችው ነገር የለም፤ በር ትከፍታለች፣ ወለል ትወለውላለች፣ የሥዕሎቹን መዝገብ ትይዛለች፣ ዝናብ ሲጥል ባልዲ ይዛ ጣራው ወደሚያፈስበት ጥግ ትሮጣለች። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ያማታል፤ ግን ለማንም አትናገርም።

ሥዕል ቤቱ ድሮ የጨርቅ መጋዘን የነበረ ባለሁለት ክፍል ቤት ነው። ሕጉ አጭር ነበር፦ አንድ ሰው፣ አንድ ሥዕል። የሰፈሩ ነዋሪ የሆነ ሁሉ በዕድሜው አንድ ሥዕል አምጥቶ ማሰቀል ይችላል፤ ጥሩ ነው መጥፎ ነው የሚል ዳኛ የለም። ልብስ ሰፊው ባሕር ሣለ፤ ባሕር አይቶ አያውቅም። አዋላጇ ያዋለደቻቸውን ሕፃናት እግር ብቻ ደርድራ ሣለች። ጡረታ የወጡት የሒሳብ አስተማሪ ጥቁር ሰሌዳ ሣሉ፤ ሰሌዳው ላይ ያለው ስሌት ስሕተት ነው፤ ማን እንደሚያገኘው ለማየት ሆን ብለው ነው ያሳሳቱት። እንዲህ እንዲህ እየተባለ መቶ ስድሳ ስምንት ሥዕል ሞላ፤ ግድግዳው ጠበበ፤ ሥዕሎቹ እንደ አውቶቡስ ተሳፋሪ ትከሻ ለትከሻ ተገፋፍተው ቆሙ።

ከነዚያ አንዱ የአባቷ ነው። አባቷን ሰፈሩ ጋሽ ኖራ ይላቸዋል። አርባ ዓመት የሰው ቤት ቀለም ሲቀቡ ኖረዋል፤ ቅንድባቸው ላይ ነጭ ጠብታ ሳይኖር የታዩበት ቀን የለም፤ ለሠርጋቸው እንኳ። ሚስታቸው ስትሞት ሥራውን ተዉ። ከዚያ አንድ ቀን ሸራና ትንንሽ ቡሩሾች ገዝተው ሲመጡ ጎረቤቱ ሁሉ፣ "ጋሽ ኖራ ግድግዳ አለቀባቸው" ብሎ ሳቀ። ሰባት ወር ፈጀባቸው። ሥዕሉ ግማሹ የተቀባ ባዶ ክፍል ነው፤ ከመሰላል ጫፍ ላይ ሆኖ ቁልቁል እንደሚያይ ሰው ነው የሣሉት። ታች፣ የተደፋ የቀለም ቆርቆሮ ላይ አንዲት ሴት ተቀምጣ የምሳ ዕቃ ትፈታለች። በየቀኑ ምሳቸውን ይዛ የሥራ ቦታቸው ድረስ ትሄድ ነበር። የእሷ ጥሩ ፎቶግራፍ የላቸውም። ያላቸው ይኼ ነው።

ዓርብ ዓርብ ይመጡ ነበር። ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ ያስቀምጡና ሥዕሉ ፊት ሩብ ሰዓት ያህል ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ልጃቸው፣ "አባዬ ዛሬም መጣህ?" ስትላቸው፣ "እናትሽን ልጠይቃት ነው እንጂ አንቺንማ ቤት አይሽ የለም" ይሏታል።

ሥዕል ቤቱ ሊሰፋ ነው ሲባል ሰፈሩ ሁሉ ደስ አለው። ከጎን ያለው ባዶ መሬት ተገኘ፤ ጣራው መስታወት የሆነ ትልቅ አዳራሽ ይሠራል ተባለ። ከማንም በላይ ባለቁልፏ ተደሰተች፤ ባልዲውን የምታመላልሰው እሷ ናትና። ስድስት ወር ይፈጃል ብለው ነገሯት። ሥዕሎቹን ማውረድና ማሸግ የእሷ ድርሻ ሆነ። ለእያንዳንዱ ባለቤት በእጇ ጽፋ ፈርማ ደረሰኝ ሰጠች፤ "ሥዕልዎን ተረክቤአለሁ፤ አቧራና ውሃ ሳይነካው እመልሳለሁ" ይላል። መቶ ስድሳ ሰባት ደረሰኝ። ለአባቷ ብቻ አልጻፈችም፤ ለአባት ደረሰኝ ምን ያደርጋል?

ስታወርድ የአባቷን አስቀደመች። ሌላ ጊዜ ለማንም የማታዳላ ሰው ናት፤ ያን ቀን ግን አዳላች። የእናቷን የአልጋ ልብስ ከቤት አምጥታ ጠቀለለችበት፤ በጣውላ ሣጥን አሸገችው፤ በቀይ እርሳስ "1" ብላ ጻፈችበት። ዕቃው የሚቀመጥበት ክፍል መስኮት የሌለው፣ እንደ መተላለፊያ ጠባብና ረጅም ነው። ከበሩ የራቀው ቦታ ደኅና ነው ብላ ሣጥን ቁጥር አንድን ጥግ ወስዳ፣ ከኋለኛው ግድግዳ አስደግፋ አስቀመጠችው። ከዚያ ሁለትን፣ ከዚያ ሦስትን። መቶ ስድሳ ስምንተኛው ሲገባ በሩ ጋ አንድ ሰው የሚቆምበት ቦታ እንኳ አልተረፈም። የግንባታው ፎርማን አቧራም ሌባም እንዳይገባ ብሎ በሩን በብሎኬት ደፈነው። ባለቁልፏ ሲለሰን ቆማ አየች፤ ተመስገን ብላ ወደ ቤቷ ሄደች።

በአራተኛው ወር አባቷ ደረጃ ሳቱ። ሳምንት ሳይቆይ የበር መቃን መታቸው። ወንድሟ የታክሲ ሹፌር ነው፤ ሥራውን አቁሞ ሐኪም ቤት ወሰዳቸው፤ እሷም አብራ ሄደች።

"አባት፣" አሉ ሐኪሙ፣ "በዐይንዎ ውስጥ ያለው ግፊት ነርቩን ጎድቶታል። የጠፋው አይመለስም። ጠብታውን ሳያቋርጡ ካደረጉ የቀረውን ለማቆየት እንሞክራለን።"

"የቀረኝ ስንት ነው?"

"በግራው ትንሽ፤ በቀኙ ከዚያ ትንሽ የሚሻል።"

"ዶክተር፣ እኔ ቀለም ቀቢ ነኝ። ለባለቤቱ 'ትንሽ ነው የቀረኝ' ስለው ምን ማለቴ እንደሆነ አውቃለሁ።"

ሐኪሙ ሳቁ፤ ከዚያ መሳቃቸው የቆጫቸው ይመስል ጠብታውን ደግመው ማስረዳት ጀመሩ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ሹፌሩ ፊት ነው፣ አባትና ልጅ ከኋላ ተቀምጠዋል። ጋሽ ኖራ በመስኮት በኩል ያያሉ፤ ወይም የሚያዩ ይመስላሉ።

"ግድግዳ ሲቀባ" አሉ፣ "መጀመሪያ ዳር ዳሩ ነው በቡሩሽ የሚያዘው። ጥግ ጥጉ። ከዚያ መሐሉን በሮለር ነው፤ እሱ ቀላል ነው፣ ወዲያው ያልቃል። ይኸውልሽ የእኔንም ዳር ዳሩን ይዞልኛል።"

"ማን?"

"ቀቢው ነዋ።"

 ቤት ሲደርሱ ክንዷን ይዘው ሲወርዱ፣ "መሐሉ ላይ ሳይደርስ እናትሽን አንድ ጊዜ ልያት" አሏት።

"ሁለት ወር ብቻ እኮ ነው የቀረው አባዬ።"

ሁለቱ ወር ሁለት ወር እንደሆነ ቀረ። የጣራው መስታወት መጣ፤ ልኩ አጠረ፤ ተመለሰ። ዝናብ ገባ። የግንባታ ኮሚቴው ሰዎች የመግቢያው ደረጃ በቀኝ ይሁን በግራ በሚል ተጣልተው አንድ ወር ሙሉ ሳይነጋገሩ ቆዩ፤ በመጨረሻ ደረጃው ቀርቶ ለጋሪም ለሽማግሌም የሚሆን ዘቅዛቃ መንገድ እንዲሆን ተስማሙ። ጥሩ ተስማሙ። ፎርማኑን በጠየቀችው ቁጥር፣ "ሁለት ወር" ይላታል። አንድ ቀን፣ "አንተ ሰውዬ፣ ሌላ ቁጥር አልተማርክም?" አለችው። "ተምሬአለሁ፤ ግን ብነግርሽ ታለቅሻለሽ" አላት።

የሥዕል ቤቱ ዳይሬክተር ጋ ገባች። ዳይሬክተሯ ደግ ሴት ናቸው፤ ወንበር ስበው አስቀመጧት፤ መዝገቡን ከፍተው በጣታቸው ፈለጉ።

"ቁጥር አንድ?" አሉ። "ከሁሉ በስተኋላ ነው እኮ። ለምን እዚያ አደረግሽው?"

"ደኅና ቦታ ብዬ።"

ዳይሬክተሯ መነጽራቸውን አወለቁና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። መዝገቡን ቀስ ብለው ዘጉት። ቢቆጡ፣ ሕግ ቢጠቅሱ፣ እሷም የምትመልሰው አታጣም ነበር።

ፎቶ አልጠፋም። መዝገቡ ላይ የተለጠፈው ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጥም፤ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ሴትዮዋ እንደ ቀለም ጠብታ ነው የምትታየው። ሹፌሩ አንድ ዓርብ በስልኩ ያነሣው ደግሞ ነበር። ስልኩን ለአባቱ ዐይን አስጠግቶ ያዘላቸው። ጋሽ ኖራ ራሳቸውን ወዲያ ወዲህ እያሉ በቀረቻቸው ቀዳዳ ፈለጉት።

"ማን ነው ይኼ ራሰ በራ?"

"አንተ ነህ አባዬ። ሥዕሉ ፊት ቆመህ።"

"እሷስ?"

"ከኋላህ ናት።"

"ታዲያ ምነው ዞር በል ብትለኝ" አሉና ስልኩን መለሱለት።

ያኔ ባለቁልፏ፣ "እኔ እነግርሃለሁ አባዬ፤ አሥር ጊዜ ወልውዬዋለሁ እኮ" ብላ ጀመረች። ክፍሉን ነገረቻቸው፤ መሰላሉን ነገረቻቸው። ከዚያ እናቷ ጋ ስትደርስ ቆመች። ሻርፗ ምን ዓይነት ነበር? ፊቷ ቀና ብሏል ወይስ አጎንብሷል? በየቀኑ እያየችው ዘጠኝ ዓመት፤ አልመጣላትም። አየሁ ያለችው ሁሉ አቧራውን ኖሯል። አባቷ ጠበቁ፤ ከዚያ፣ "በቃ፣ ደክሞሻል" አሏት።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፎርማኑ የተደፈነው በር ጋ መዶሻና መሮ ይዞ ጠበቃት።

"ሠራተኞቹ ወጥተዋል" አላት። "ነገ ዕረፍት ነው። ላፍርስልሽ። ሰኞ ጠዋት መልሼ እደፍነዋለሁ፤ ማንም አያውቅም።"

ወደ ብሎኬቱ አንድ እርምጃ ተራመደች። ከዚያ ወደ አዳራሹ ዞራ አየች። ግድግዳው ሲፈገፈግ የወጣው አቧራ እንደ ጭጋግ አየሩ ላይ ቆሟል። ጣራው ገና ክፍት ነው፤ የተወጠረበት ላስቲክ በነፋስ ይርገበገባል። ቁጥር አንድን ለማውጣት መቶ ስድሳ ሰባቱ እዚህ መደርደር አለባቸው።

"ሣጥኖቹን የት እናደርጋቸዋለን?"

"እዚሁ ነዋ። በምን እንሸፍናቸዋለን ካልሽ ላስቲክ አለ።"

"ከዘነበስ?"

ፎርማኑ ወደ ላይ አየ። ሐሰት መናገር የማይሆንለት ሰው ነው። "ከዘነበ ዘነበ ነው እንግዲህ" አለ።

የልብስ ሰፊው ባሕር ወረቀት ላይ በውሃ ቀለም የተሣለ ነው፤ አንዲት ጠብታ ትበቃዋለች። የአዋላጇ የሕፃናት እግር በከሰል ነው፤ አቧራ ከገባበት አለቀለት። ሁሉም ደረሰኝ ይዘዋል፤ ደረሰኙ ላይ ያለው የእሷ እጅ ነው። አደራ ብለው የሰጡት ሰዎች አንድም ቀን መጥተው "እንዴት ሆነልን?" አላሏት፤ አምነዋት ነው። መዳፏን ብሎኬቱ ላይ አደረገች። ከዚያ ማዶ፣ ሃያ እርምጃ የማይሞላ ቦታ ላይ እናቷ ምሳ እየፈታች ነው።

"ተወው" አለች።

"አባትሽስ?"

"የኔ አባት ስለሆነ የሰው ንብረት ይበላሽ?"

ፎርማኑ መሮውን ኪሱ ከተተ። "እኔ እንኳ አንቺን ብሆን አፈርሰው ነበር" አለ። ስድብም ምስጋናም አልነበረም።

ያን ማታ አልዘነበም። በማግሥቱም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰማዩ እንደ ታጠበ ሰሐን ጥርት ብሎ ከረመ፤ ጠብ አላለም። በየማለዳው ስትነሣ ቀና ብላ ታያለች። አንድ ቀን በፈጣሪዋ ላይ አጉረመረመችና ደንግጣ ይቅርታ ለመነች። ዐይኑን አድንልኝ ብላ አልጠየቀችም። ጸሎቷ ትንሽ ነበር፤ "መሐሉን ብቻ አቆይልኝ፤ በሩ እስኪከፈት።"

ነገሩን ለአባቷ አልነገረችም። ሹፌሩ ነው ያወጣው፤ ከፎርማኑ ሰምቶ። "አባዬ፣ ልጅህ እኮ ላፍርስልሽ ስትባል እምቢ አለች። ለሰው ብላ።" ጋሽ ኖራ ሻይ እየጠጡ ነበር። ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ በጣታቸው ቦታ ፈልገው አስቀመጡና፣ "የሰው ዕቃ ነዋ" አሉ።  ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። የመክፈቻው ቀን ተቆርጦ ማስታወቂያው ተለጠፈ። አርባ ቀን ሲቀረው፣ አንድ ማለዳ ጠብታውን ልታደርግላቸው ስትገባ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው።

"ተይው" አሏት።

"ለምን?"

"ጨርሷል። መሰላሉን አጥፎ ሄዷል።"

ጠብታውን እንደያዘች ቆመች። መስኮቱ በየት በኩል እንዳለ ያውቃሉ፤ ብርሃኑን ከጨለማው ይለያሉ፤ ከዚያ ወዲያ የለም። ጠብታውን ለማንኛውም አደረገችላቸው። ሌላ የምታደርገው አልነበረም።

ግድግዳው ሲፈርስ ሣጥኖቹን ያወጣችው እሷ ናት። ሁለት ቀን ፈጀባት። ቁጥር አንድ መጨረሻ ወጣ። የአልጋ ልብሱን ስትገልጠው ሥዕሉ ልክ እንደ ተሰቀለበት ቀን ነው፤ ጭረት የለ፣ እርጥበት የለ። ምናለ አንዲት ጉድፍ እንኳ ብታገኝበት? የምትቆጣበት ነገር ይኖራት ነበር። እናቷ ሻርፗ አረንጓዴ ነው፤ አጎንብሳለች፤ ግን ወደ መሰላሉ ቀና ልትል እንደሆነ አንገቷ ይናገራል። ሥዕሎቹን ለመስቀል የተቀጠረው ሰው ዞር ዞር ብሎ አየውና፣ "ይኼ ከላይ ወደ ታች የሚታይ ነው፤ ቦታ ይፈልጋል" ብሎ በትልቁ አዳራሽ ሰፊው ግድግዳ ላይ ለብቻው ሰቀለው።

የመክፈቻው ቀን አዳራሹ አማረ፤ እውነቱን መደበቅ አይቻልም። ከላይ የሚወርደው ብርሃን ሥዕሎቹን አጥቦ ያወጣቸው ያህል ነው። ልብስ ሰፊው ባሕሩ ፊት ቆሞ፣ "ይኼ ሰማያዊ ነው እንዴ? እኔ ግራጫ የሣልኩ መስሎኝ ስንት ዓመት ስቆጭ" አለ። የሒሳብ አስተማሪዋ እግራቸው ከታመመ ወዲህ ደረጃውን ስለማይችሉ ሥዕል ቤቱን ረግጠውት አያውቁም ነበር፤ ዛሬ በጋሪያቸው ተገፍተው ገቡና ሰሌዳቸው ሥር ቆመው የሚያልፈውን ሁሉ፣ "ስሕተቱን አግኝ" እያሉ ያስቸግራሉ። ሰው እርስ በርሱ ይጠራራል፤ ይሳሳቃል። ባለቁልፏ በደንብ ልብሷ ቆማ ይህን ሁሉ ታያለች። ሕንጻውን ልትጠላው ፈልጋ ነበር፤ አልሆነላትም። ለአሥራ አንድ ዓመት የለመነችው ይኼንኑ ነው።

ሹፌሩ አባቱን ይዞ ገባ። ጋሽ ኖራ ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። ትልቁ አዳራሽ ሲደርሱ ብርሃኑ ፊታቸው ላይ ሲያርፍ ቆም አሉ፤ ቀና አሉ። ከዚያ፣ "ግድግዳው ጋ ውሰጂኝ" አሏት። በመዳፋቸው ዳሰሱት።

"ሁለት እጅ ነው የቀቡት" አሉ። "ሦስተኛ ይፈልግ ነበር። ቸኩለዋል።"

"ሁለት ዓመት ቆይተውም ቸኮሉ?" አለ ሹፌሩ።

"የሚቆይ ሰው መጨረሻ ላይ ነው የሚቸኩለው።"

ትከሻቸውን ይዛ ሥዕሉ ፊት አቆመቻቸው። ኮፍያቸውን አወለቁ። ከኋላቸው ሰው ያልፋል፤ እሳቸው ይተነፍሳሉ። እግራቸውን ለማመቻቸት ሲሉ ቀስ በቀስ ወደ ቀኝ ዞሩ፤ ሳያውቁት ፊታቸው ከሥዕሉ ወጥቶ ባዶው ግድግዳ ላይ አረፈ። ልታስተካክላቸው እጇን አነሣች።

"አየኋት" አሉ።

እጇ አየር ላይ ቀረ። ወንድሟን አየችው፤ እሱ ወለሉን ያያል።

"እንዴት ናት?" አለች።

"ደኅና ናት። አልተለወጠችም።"

አባቷ በሕይወታቸው ውሸት ሲናገሩ ስትሰማ ይኼ የመጀመሪያዋ ነው። ውሸቱ ለእሷ የተሰጠ ነበር፤ ልትመልሰው አትችልም፤ ልትቀበለውም አቃታት። "እሺ አባዬ" ብቻ አለች።

"ትንሽ ልቀመጥ። እናንተ ሥራችሁን ሥሩ።"

አዳራሹ መሐል ካለው አግዳሚ ላይ አስቀመጠቻቸው። ሹፌሩ መኪናውን የማይቆምበት ቦታ አቁሞ ኖሮ ሊያነሣ ወጣ። ወዲያው ከሌላ ሰፈር የመጡ የሚመስሉ ባልና ሚስት፣ ዕድሜያቸው የገፋ፣ አጠገባቸው መጥተው ተቀመጡ። ሴትዮዋ ሥዕሉን አይታ፣ "ይቺስ ማን ናት?" አለች።

"ዐይኔ ደክሟል እኅቴ" አሉ ጋሽ ኖራ። "ምን እንዳለበት እስቲ ንገሪኝ።"

"አንዲት ሴት ናት። ከላይ ነው የምትታየው። አረንጓዴ ሻርፕ... ምን ላይ ነው የተቀመጠችው?"

"ጉቶ ነው" አለ ባልየው።

"ኧረ ጉቶ ቤት ውስጥ ምን ይሠራል! ቆርቆሮ ነው።"

"ደብዳቤ ነው የያዘችው።"

"ምግብ ነው ሰውዬ። ተርቦ የሚጠብቃት ሰው አለ፤ አታየውም አቀማመጧን? ችኮላ አለባት።"

ጋሽ ኖራ ጆሯቸውን ወደ ሴትዮዋ አዘነበሉ። "ፊቷስ?" አሉ።

ሴትዮዋ ልትመልስ ወደ ሥዕሉ ጠጋ አለች። ከአግዳሚው ጀርባ ቆማ የነበረችው ባለቁልፏም ጆሮዋን ሰጠች። በዚያው ቅጽበት ዳይሬክተሯ ከመግቢያው በኩል በእጃቸው ጠሯት፤ ውጪ ሰው ተጨናንቋል፤ ሁለተኛው በር ይከፈት ይላሉ። አንድ እርምጃ ሄደች፤ ዞረች፤ የሴትዮዋ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየች፤ በጫጫታው መሐል ግን ቃሉ አልደረሳት። አባቷ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ራሳቸውን ቀስ ብለው ይነቀንቃሉ።

ሄዳ በሩን ሁለት ክንፍ አድርጋ ከፈተችው፤ የሚገባውም ሰው እሷን እያመሰገነ አለፈ።